ባቡሩ በፈረንሳይኛ ነበር የሚበላሸው

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልመጡ ጓደኞቼ «ጻፍልን» ስላሉኝ ጻፍኩት። አንዳንዱን አሳጥሬያለሁ። በሙቀቱ ምክንያት የዘለልኩትን ደግሞ መልሼ አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም በዚህ ሙቀት፣ የድሬን ሰው ከቤቱ አውጥቶ አዳራሽ ማስቀመጥ ቀላል አይደለም። በዚህ ሰዓት የት መሆን እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ስለዚህ አላስረዝምም።

የተሰጠኝ ርዕስ «የውጭ ቋንቋ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ወዴት ይሄዳል?» የሚል ነው። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ጥያቄው እንጀራዬን ይነካል ማለት ነው። ቢሆንም አቋሜን ቀድሜ ልናገር። የቋንቋ ትምህርት መብዛት አለበት። የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች ግን ማነስ አለባቸው፤ የራሴም ጭምር። ባልደረቦቼ ከፊት ተቀምጠው እያዩኝ ነው። አቦ፣ መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ትቆጡኛላችሁ።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ተራራው አስቸገረ። ስለዚህ እዚህ ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደረሰ፣ ከተማዋም ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላም ነበር። ከሐዲዱ ጋር ፈረንሳይኛ መጣ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ ተከታትሎ ገባ። እዚህ ደግሞ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ሐረሪው፣ አማርኛው ጠበቃቸው።

ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ጥገና ላይ የሠሩ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ፈረንሳይኛ ይናገራሉ። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ሰዋስው ተምሬ፣ ትንሽ ልቤ አብጧል። አንድ ቀን «አባባ፣ ፈረንሳይኛ የት ነው የተማሩት?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «አልተማርኩም ልጄ» አሉኝ። «ባቡሩ በፈረንሳይኛ ነበር የሚበላሸው።»

ስቄ አለፍኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ከሰማሁት ሌክቸር ሁሉ ይበልጥብኛል። እሳቸው ፈረንሳይኛን እንደ ትምህርት አልያዙትም። ሞተሩ ሲያንኳኳ፣ ፈረንሳዊው አለቃ ሲጮህ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ስሙ በፈረንሳይኛ ሲጻፍ፣ ያንን ካላወቁ እጃቸው አይሠራም። ግሣቸው የተሳሳተ ነበር፤ ወንዴና ሴቴ ጾታ አይለዩም። ግን ከጅቡቲ የመጣ እንግዳ ቁጭ ብሎ ሲያወራቸው ያመሽ ነበር።

ያ ባቡር ቃል ትቶልናል። «ለገሃር» ራሱ በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው። ሹፌር፣ ቢሮ፣ ጋራዥ የምንላቸውም ከፈረንሳይኛ ናቸው። ጎማ፣ ፌርማታ፣ ካቻቢቴ ከጣሊያኖቹ ነው። መካኒኮቻችን ካቻቢቴ ሲሉ ጣሊያንኛ የተናገሩ አይመስላቸውም። ቋንቋ ሲገባ እንዲህ ነው የሚገባው፤ ከዕቃው ጋር፣ በእጅ።

አሁን ሁለተኛውን ባቡር ተመልከቱ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ለዓመታት ያንቀሳቀሱትም እነሱው ነበሩ። ታዲያ ስንት የቻይንኛ ቃል ገባልን? ተማሪዎቼን ጠየቅኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ አንዱ «ኒሃው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ያም የገባው ከባቡሩ ጋር አይደለም፤ መንገድ ላይ ሰው ለመተረብ ነው።

ለምን እንደዚህ ሆነ? ዘመኑ አጭር ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። እኔ የሚታየኝ ሌላው ምክንያት ግን አስተርጓሚው ነው። ድሮ ቱርጁማን ይባል የነበረው ማለቴ ነው። መሐል ላይ ጎበዝ ወጣት ቆሞ ቻይናዊው ያለውን ለእኛ፣ እኛ ያልነውን ለቻይናዊው ያደርሳል። ሥራው ይሠራል። ባቡሩም ይሄዳል። የቀረው ሰው ግን ቋንቋውን ሳይነካው ይውላል። አስተርጓሚዎቹን እየወቀስኩ አይደለም፤ እንዲያውም ያስደንቁኛል። ብቻ ቱርጁማን ባለበት ቦታ ቋንቋ አይጋባም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ? አሁን ቱርጁማን ሁላችንም ኪስ ውስጥ ገብቷል። ስልካችን ማለቴ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ ክፍል አሳይመንት ሰጠሁ። «መጀመሪያ ግቢ የገባችሁበትን ቀን በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ አንድ ገጽ» አልኩ። ወረቀቱ ተሰበሰበ። ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያው «ኢን ቱደይስ ወርልድ» ብሎ ይጀምራል። ጎሽ። ሁለተኛውም «ኢን ቱደይስ ወርልድ» ይላል። አምስተኛው ላይ ስደርስ ቡናው ቀዘቀዘ። ሰዋስው? አንድ ስህተት የለም። ነጠላ ሰረዙ ሁሉ ቦታው ላይ ነው። ግን ማንም ግቢ አልገባም። አንድም ሰው ሻንጣ አልጎተተም፣ ዶርም አልጠፋበትም፣ እናቱ አላለቀሰችም።

በማግስቱ ወረቀቱን መልሼ ሰጠሁና «እሺ፣ አሁን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በፈለጋችሁት ጻፉት» አልኳቸው። ሃያ ደቂቃ። ስልክ ተከልክሏል። ያኔ ሻንጣው መጣ። አንዷ ልጅ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል እናቷ በመስኮት ፌስታል ስታቀብላት «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ብላ ጽፋለች። «በይ አሁን ስልክሽን አውጪና ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሚው» አልኳት። ስልኳ ያወጣው «ሆዴ መጠጥ ቤት መጠጥ ቤት አለኝ» ዓይነት ነገር ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ግን ሳንዘጋጅበት የዓመቱን ምርጥ ትምህርት ተማርን። ባር ባር ማለት ምንድን ነው? ፍርሃት ነው? ናፍቆት ነው? እንግሊዞቹ ይህን በአንድ ቃል ይሉታል ወይስ በሁለት? አንዱ በሶማሊኛ የሚቀርበውን ነገረን። በአምሳ ደቂቃ ውስጥ አፉን ያልከፈተ ተማሪ አልነበረም።

ማሽኑ ግን ስህተቱን እያረመ ይሄዳል። «ባር ባር»ን ነገ ያውቀው ይሆናል። ጉግል አማርኛን ማስተርጎም የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ኦሮምኛና ትግርኛ የገቡት በ2014 ነው። እነዚህ ማሽኖች የሚማሩት ከተጻፈ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈልን ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ለዚህ ነው ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ የሚፈሰው፣ ወደ እኛ ሲመጣ የሚደናቀፈው። መደናቀፉ ላይ ተስፋ ጥዬ የወደፊቱን የምገነባ አስተማሪ ግን አልሆንም። ማሽኑ መራመድ ሲጀምር እኔ ምን ሊኖረኝ ነው?

ሌላ ቦታ ያለውን ላንሳና ልለፍ። አሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ የውጭ ቋንቋ የሚመዘገብ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2021 ባለው ጊዜ 16.6 በመቶ ቀንሷል። ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2023 የውጭ ቋንቋ ዲግሪዎቹን ሊዘጋ ወሰነ። ኮሪያኛ ግን በዚያው ጊዜ ጨመረ፤ ልጆቹ ድራማውንና ሙዚቃውን ወደውታል። እነሱ ጋ የጠፋው ፍላጎት ነው። እኛ ጋ ፍላጎት ሞልቷል። ማታ ማታ በየሰፈሩ የሚከፈተውን የእንግሊዝኛ ስልጠና እዩ፤ ወንበር አይገኝም። የእኛ ችግር ሌላ ነው።

እኛ ጋ እንግሊዝኛ «የውጭ ቋንቋ» አይደለም። ማስተማሪያ ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጁ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻው ይማራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆናል። ጭሮ ወይም ጉርሱም በኦሮምኛ ፊዚክስ የገባው ልጅ በድንገት ፊዚክስ ሌላ ሰው ይሆንበታል። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ታስታውሳላችሁ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም የቋንቋ ጥፋት ነው አልልም። ኩረጃው ቆመ፣ እውነቱ ወጣ። ግን ጥያቄው ያልገባው ተማሪ መልሱን ቢያውቅም ባያውቅም ያው ነው።

ከዚያ እኛ ጋ ይመጣል። ፍሬሽማን ሆኖ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ሁለት ሴሚስተር ይወስዳል። «ኮሚዩኒኬቲቭ» የሚለውን ልብ በሉ። ክፍሌ ውስጥ ስልሳ ተማሪ ነው ያለው። ክፍለ ጊዜው አምሳ ደቂቃ ነው። ሂሳቡን ሥሩት። እኔ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አፌን ብዘጋ፣ ስም ጠሪ ባይኖር፣ ፕሮጀክተሩ ባይበላሽ፣ አንድ ተማሪ የሚደርሰው አምሳ ሰከንድ ነው። እኔ ደግሞ አፌን አልዘጋም። ስለዚህ ሃንድአውት እናድላለን፤ ክፍት ቦታ ይሞላሉ፤ ፈተናው ምርጫ ይሆናል። ከአራት ዓመት በኋላ የመውጫ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። እኔ የዓረፍተ ነገር ክፍሎችን ሳስተምር ሲቪል ኢንጂነሪንጉ ልጅ የኮንክሪት መመሪያውን ማንበብ አልቻለም። የእሱ አስተማሪ «እንግሊዝኛው የቋንቋ ክፍሉ ሥራ ነው» ይላል። እኔ «ኮንክሪቱን አላውቅም» እላለሁ። ልጁ መሐል ላይ ቀረ።

ለዚህ ነው የቋንቋ ክፍሉ ይነስ የምለው። በእንግሊዝኛ ዲግሪ በየዓመቱ የምናስመርቃቸውን ልጆች እንቀንስ። አስተማሪውን ግን ከሕንፃው አውጥተን እንበትነው። አንዱ ኢንጂነሪንግ ይቀመጥ፣ አንዱ ሕግ፣ አንዱ ጤና። ከባለሙያው ጋር አንድ ክፍል ገብቶ የዚያን ሙያ እንግሊዝኛ ያስተምር። ኮንክሪቱንም ይማር፤ አይጎዳውም። ባቡሩ የሚበላሽበት ቦታ ይሂድ ነው የምለው።

ሎጂስቲክስን ውሰዱ። ከእኛ ጅቡቲ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። የጅቡቲ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛና አረብኛ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጠና ያለን እኛ ነን፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው። ታዲያ እዚሁ ከተማ ሎጂስቲክስ የተመረቀ ልጅ «ቦንዡር» ብሎ ያቆማል። አሊያንስ ፍራንሴዝ እዚሁ ድሬ አለ፤ ከፍሎ፣ ማታ ሄዶ የሚማር አለ። እሱ የግል ጉብዝና ነው። የዕቃ ማስተላለፊያ ወረቀት ማንበብ፣ ስልክ አንስቶ «ኮንቴይነሬ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መስማት፣ ይህን ያህል ፈረንሳይኛ የትምህርቱ አካል ቢሆን ማን ይጎዳል? ስልኩ ወረቀቱን ያነብለታል፣ እሺ። ወደብ ላይ የተናደደ ሠራተኛ ሲጮህበት ግን «ቆይ፣ ስልኬን ላውጣ» አይልም።

ስለ አረብኛ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚህ በላይ የነካኝ የለም። የተማሪዎች የአረብኛ ክበብ አለን። መጽሐፍ አላቸው፣ ፊደሉን ያውቃሉ። ብዙዎቹ ቁርአን ቤት የተማሩ ናቸው። ማውራት ግን አይችሉም። ታይዋን ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት ሴት አውቃለሁ። ሳዑዲ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። ለምን አትመጪም አልኳት። «እኔ? ዩኒቨርሲቲ?» ብላ ሳቀች። ግን መጣች። ጥሩ ሽቶ ተቀብታ፣ አዲስ ሂጃብ አድርጋ መጣች። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቃት። «ማን ጋ ነሽ?» አላት። «ላስተምር ነው» አለችው። እሱም ሳቀ። እኔ ሄጄ አስገባኋት።

ክፍል ገብታ የመጀመሪያዋ ቃል «ኢሽ ተብጋ?» ነበረች። ተማሪዎቹ ተያዩ። መጽሐፋቸው ላይ «ምን ትፈልጋለህ?» ማለት «ማዛ ቱሪድ?» ነው። አንዱ ተነስቶ በትሕትና «ተሳስተሻል» አላት። እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ወሪያ፣ ጅዳ ሂድና ማዛ ቱሪድ በል፤ ዜና አንባቢ መጣ ይሉሃል» አለችው። ከዚያ አሠራችው። እሷ እመቤት ሆነች፣ እሱ ሠራተኛ። ደሞዙን ጠየቀ፣ ከለከለችው፣ ተከራከረ። ላቡ ወረደ። መጨረሻ ላይ በመጽሐፉና በእሷ መሐል ያለው ልዩነት ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። እሷ መጻፍ ስለማትችል የጻፉት ተማሪዎቹ ናቸው። ያን ቀን ሁለቱም ተማሩ። ስትወጣ «ኡስታዛ» እያሉ ሸኟት።

በቀጣዩ ሳምንት ለትራንስፖርቷ ትንሽ ክፍያ ልጠይቅላት ቢሮ ሄድኩ። «ዲግሪዋ ምንድን ነው?» ተባልኩ። የላትም። «እንግዲህ መደብ የለንም።» ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ቅጹ ላይ የሚሞላ ቦታ የለም። የባጃጇን እኔ ከፈልኩ። ሦስት ጊዜ መጣች፣ ከዚያ ሱቋን የሚጠብቅላት ጠፋና ቀረች። እኔ የምናደደው በዚህ ነው። ከተማው በአስተማሪ ሞልቷል። ከዓረብ አገር የተመለሱት እህቶቻችን፣ ጡረታ የወጡት የባቡር ሰዎች። እኛ ግን ሲዲና ቴፕ እንገዛለን፤ አሁን ደግሞ አፕሊኬሽን።

ሐረር እዚህ ቅርብ ስለሆነች ሁለት ነገር ልጨምር። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ሲመጣ በአረብኛው ተማምኖ፣ ዓረብ ነጋዴ መስሎ ነበር የተጓዘው። የቆየው አሥር ቀን ነው። ሲመለስ የጻፈው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስው አስገብቷል። በአንድ ጉዞ! የእኛ ተማሪ ከሐረሪ ልጅ ጋር አንድ ዶርም አራት ዓመት ተኝቶ ስንት ቃል ይዞ እንደሚወጣ እናንተው ንገሩኝ።

ሁለተኛው ልጅ ተፈሪ ናቸው፤ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት። ሐረር እያሉ ከአባ ሳሙኤል ፈረንሳይኛ ተማሩ። አባ ሳሙኤል በኋላ በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰምጦ ሞቱ። ተማሪያቸው ተረፉ። እኒያ ተማሪ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ መንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። ፈረንሳይኛው ከማኅበሩ ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ እሳቸውም ይችሉታል። ንግግራቸውን ያደረጉት ግን በአማርኛ ነው። አስተርጓሚው ይድከም አሉ። ይህ ሁሌ ያስገርመኛል። ቱርጁማን መቼ እንደሚያስፈልግህ የሚያስመርጥህ ቋንቋውን ራስህ ስታውቀው ነው። የማያውቀው ሰው ምርጫ የለውም፤ ያቀበሉትን ይውጣል።

ተማሪዎቼን ስልክ አልከለክልም። ያስተርጉሙ። ከዚያ ግን ወረቀቱን ይዘው ከፊቴ ቁጭ ይበሉና ለምን ይህን ቃል እንደመረጡ በአፋቸው ይንገሩኝ። በስልሳ ተማሪ አይሆንም፤ በሃያ ግን ይሆናል። ሃያ የሚገኘው ዲግሪ የሚሠሩትን ስንቀንስ ነው። ሂሳቡ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ንግግሩ ሲያልቅ ጥያቄ ተፈቀደ። አንድ ባልደረባዬ «አንተ በዚህ አካሄድ የት ልትገባ ነው?» አለኝ። ሎጂስቲክስ ጠረጴዛ ከሰጡኝ ነገ እሄዳለሁ አልኩት። እየቀለድኩ አይደለም።

ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ አንተ ራስህ ሶማሊኛ ትችላለህ?»

ለመግዛት ያህል እችላለሁ አልኳት። ዋጋ ለመከራከር አይበቃኝም። ስንት ዓመት እንዳስተማርኩ ጠየቀችኝ። አሥራ አራት አልኳት። ከክፍሌ ስንቱ ሶማሊኛ ተናጋሪ እንደሆነም ጠየቀችኝ። ያንን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ሰኞ ዕለት ቆጠርኩ። ከስልሳው አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አንዱን፣ ከፊት የሚቀመጠውን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንዲያስተምረኝ ለመንኩት። ክፍያው ማኪያቶ ነው። መደብ አያስፈልገውም።